ሁላችንም ያረገዝንበት የማንጎ ወቅት

የተቀቀለ ዘይቱን ሽታ ከሰው ቀድሞ ነው በር የሚገባው። የልጅ ልጄ ሕሊና ከጁስ ፋብሪካው ስትመለስ ገና ባጃጁ ደጅ ሳይቆም ሽታዋ እኔ ጋ ይደርሳል፤ ሸሚዟ ውስጥ፣ ፀጉሯ ውስጥ፣ ጥፍሯ ሥር የገባ፣ በሳሙና ቢታሽ የማይለቅ፣ ጣፋጭ ሆኖ ትንሽ የሚኮመጥጥ ሽታ። ጎረቤቶቼ ‹‹ታድለሽ፣ ቤትሽ ሁሌ ፍራፍሬ ፍራፍሬ ይላል›› ይሉኛል። እኔን ግን ጭንቅ ይለኛል። ምክንያቱን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ ባለፈው ሰኞ ግን ልናገረው ግድ ሆነብኝ።

ሰኞ ዕለት ከሥራ እንደገባች ልትታጠብ ወደ ጓሮ ዞረች። ሐሩሩ ገና አልበረደም፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ይንጣጣል። ፎጣ ረስታ ስለነበር ይዤላት ሄድኩ። በሩን ገፋ ሳደርገው ሕሊና ሆዷን ይዛ አጎንብሳለች፤ እግሯ ሥር፣ ቀፊራ ገበያ ላይ ለወላድ የሚሸጡት ዓይነት ሰፊ የላስቲክ ቀበቶ ወድቋል። ወገቧ ዙሪያውን ቀልቶ የቀበቶው ጠርዝ ቆዳዋ ላይ ታትሟል። ወልጄ ያሳደግኩ፣ የጎረቤት ሴት ምጥ ሲይዛትም ከአጠገቧ የማልጠፋ ሰው ነኝና በዚህ ነገር ማንም አያታልለኝም።

‹‹ስንት ወርሽ ነው?›› አልኳት።

‹‹አምስት ገባ።›› ፎጣውን ተቀብላኝ ተከናነበች። ‹‹አትቆጪኝ እማዬ፣ በናትሽ። ዛሬ በጣም ደክሞኛል።›› እናቷ ካረፈች ጀምሮ እኔ ነኝ ያሳደግኳት፤ እማዬ የምትለኝም ለዚያ ነው።

‹‹ማን ያውቃል?››

‹‹ባሌ ያውቃል። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስም ታውቃለች።››

‹‹ነርሷ ይህን ቀበቶ አይታዋለች?››

‹‹አውልቂው ብላኛለች። ጥሩ አይደለም፣ ላንቺም ለልጁም አለችኝ። ግን እኮ የሙከራ ጊዜዬ አላለቀም። ቋሚ ካደረጉኝ በኋላ ብነግራቸው የወሊድ ፈቃዴን ይሰጡኛል። አሁን ካወቁ ‹አልተስማማሽንም› ብለው ያሰናብቱኛል። እውነተኛውን ምክንያት አይጽፉትም አቦ፣ ሞኝ አይደሉም።››

‹‹አብረውሽ ለሚሠሩትስ አልተናገርሽም?››

‹‹ለማን? አሁን ዘመኑ ሌላ ነው፣ እማዬ። ሁሉም ለራሱ ነው።››

ይቺ ‹‹ዘመኑ ሌላ ነው›› የምትባል ነገር ታናድደኛለች። ያኔም ሁሉም ለራሱ ነበር። እኔ በሕሊና ዕድሜ ሳለሁ ድሬ ባቡሩ ሲያፏጭ የምትነቃ ከተማ ነበረች፤ ከዚራ ሰፈር በዛፍ ጥላ ተሸፍኖ፣ የጋሪ ፈረሶች በአስፋልቱ ላይ ቀጭ ቀጭ እያሉ፣ ከጅቡቲ የገባ ሽቲ የሚሉት ስስ ሰፊ ቀሚስ በየሴቱ ትከሻ ላይ እየተንዘረፈፈ። የወንዶቹ ሱሪ ከጉልበት በታች ሰፍቶ መንገድ ይጠርጋል። ትኩስ ሳምቡሳ በስሙኒ ገዝተሽ፣ በጋዜጣ ጠቅልለሽ፣ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ስታቋርጪ እየበላሽ ትሄጃለሽ። ስብሰባ የሚበዛበት ዘመን ነበር፤ ማን መጥቶ ማን እንደሄደ፣ ምን እንደታወጀ አሁን ተምታቶብኛል። ያን ጊዜ የነበረኝን አረንጓዴ የቴትረን ቀሚስና በዓል በዓል የማስረውን ቀይ ሻሽ ግን ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ አየዋለሁ። ሻሹ ጫፉ ላይ ወርቅማ ክር ነበረው፤ እሱ ክር ነው በኋላ ጉድ ያፈላብኝ።

መጀመሪያ የተቀጠርኩት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የፍራፍሬ እርሻ ለቀማ ነበር። ወንዶቹ ዛፍ ላይ ይወጣሉ፣ እኛ ከሥር በከረጢት እንቀበላለን። ከዚያ እጀ ፈጣን ነሽ ተብዬ እርሻው አጠገብ ወዳለው ፋብሪካ ተዛወርኩ። ማንጎው፣ ፓፓያው፣ ዘይቱኑ፣ ብርቱካኑ እዚያ ገብቶ ጭማቂና ማርማላታ ሆኖ በቆርቆሮ ታሽጎ ይወጣል። ወንዱ ቦይለሩንና ማሸጊያውን ይዟል፤ ፍሬው ግን መጀመሪያ በሴት እጅ ነው የሚያልፈው። ማጠቡ፣ መላጡ፣ ፍሬውን ከሥጋው መለየቱ የእኛ ነው። በዚንጎ የተለበጠ ረጅም ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ተደርድረን፣ ነጭ ጋዋን ለብሰን፣ ለወንድ እግር የተሠራ ቦት ጫማ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀን፣ ቀኑን ሙሉ ቆመን ነው። የማንጎው ሙጫ እጅ ያቃጥላል። የፓፓያው ወተት የጣት ጫፍ ይበላል። ማታ ቤታችን ገብተን ቅቤ ካልቀባነው በበርበሬ ወጥ መቁረስ አይታሰብም። ሥራው ሲደብረን አንዷ ዘፈን ታነሳና እንቀበላታለን፦

*ማንጎዬ ልብሱን አወለቀ፣*
*ፀሐይዋ ሳትሄድ ሥራው አለቀ።*

አያልቅም ነበር እንጂ። የማንጎ ወቅት ሲመጣ የእርሻው መኪና አራግፎ ሲሄድ ሌላው ይመጣል። ከዛፍ የወረደ ማንጎ በዚያ ሐሩር ማን ይጠብቃል? ጠዋት ካልተላጠ ከሰዓት ይላሽቃል።

የላጮቹ ካቦ ጥላዬ የሚባል ከመሀል አገር የመጣ ሰው ነበር። ካኪው የተተኮሰ፣ ፂሙ የተከረከመ፣ ክፉ የማይባል፣ ግን የበላዮቹን በጣም የሚፈራ። የድሬ ሴት አንቱ ማለት ምላሷ ላይ ስለማይቀናት ሁላችንም ‹‹አንተ ጥላዬ›› ነው የምንለው፤ በዚህ ሁሌ እንዳዘነ ነው። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ይቆምና ስንገባ ያየናል። ከፊት አይደለም የሚያየን፣ ከጎን ነው። ወለሉ በጭማቂ ስለሚያዳልጥ አንዴ አንዲት ነፍሰ ጡር ወድቃ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጊዜያዊ ሠራተኛ ሆና ሆዷ ገፋ ያለች ሴት ከበር ትመለሳለች። ‹‹ውለጂና ነይ›› ይላታል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ወልዳ የመጣች ግን ቦታዋን አግኝታ አታውቅም። ቋሚ የሆነች ሴት በደመወዟ ትወልዳለች፤ ቋሚ ለመሆን ደግሞ የማንጎውን ወቅት ሳይጎድሉ መጨረስ ያስፈልጋል። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

ሃሊማ ከመልካ ጀብዱ የምትመጣ ልጅ ነበረች፤ ጠረጴዛው ላይ ከጎኔ ነው የምትቆመው። ማንጎ ከአናቱ እስከ ታቹ ልጣጩ ሳይበጠስ መላጥን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ባሏ ሳምባውን ታሞ ቤት ተኝቷል፤ እሷ ካልሠራች ቤቱ አይበላም። አንድ ጠዋት ዘይቱን የሚቀቀልበት በርሜል ሲከፈት እንፋሎቱ ፊቷን መታት፤ አፏን ይዛ ከሣጥኖቹ ኋላ ሮጠች። ተከትያት ስሄድ ግድግዳ ተደግፋ ታለቅሳለች።

‹‹አስካለ፣ ኦቦሌቲ ኮ›› አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። ‹‹ወላሂ ለማንም እንዳትናገሪ። ካወቁብኝ አለቅኩ።››

ተናገርኩ። ለእትዬ ብርቅነሽ ነው የተናገርኩት። እትዬ ብርቅነሽ ከሁላችንም የምትበልጥ፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ ባሏን የቀበረች፣ ካቦውን የማትፈራ ብቸኛ ሴት ነበረች። ቢላዋን ሳታቆም ሰማችኝና ‹‹ከቀጫጭኖች መሀል አንድ ሆድ ይታያል›› አለች። ‹‹ሁላችንም ሆድ ካወጣን ግን የማንን ያያል?››

በነጋታው በጋዋኗ ሥር ነጠላ አጣጥፋ አስራ መጣች። እኔ የጅቡቲ ሽቲዬን አሰርኩ። በሳምንቱ ጠረጴዛው ዙሪያ ያለነው ሁሉ አስረናል። ጥበቡ ቀስ በቀስ ማሳደጉ ላይ ነበር፤ የሃሊማ ሆድ ሲጨምር እኛም አንድ እጥፍ እንጨምራለን። ጠዋት ከፋብሪካው በፊት ባለው የቁልቋል አጥር ሥር ተጠልለን አንዳችን የአንዳችንን ቋጠሮ እናያለን። በዚያ ቦይለር አጠገብ፣ በድሬ ፀሐይ፣ ሆድ ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ መዋል ምን ማለት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ሽፍታ ወጣብን፤ እያከክን ነው የምናድረው። ከሁሉ የሚብሰው ግን ፍርሃቱ ነው። አንዷ ጎንበስ ስትል፣ አንዷ ሣጥን ስታነሳ፣ የሁላችንም ዓይን ወገቧ ላይ ነው። ካቦው በዚያኛው በር ብቅ ሲል የመጀመሪያዋ ላጭ ቢላዋን ዚንጎው ላይ ኳ ታደርጋለች፤ ያኔ ዘፈኑ ይቆምና ሁላችንም ወደ ጠረጴዛው እንጠጋለን።

‹‹ምነው ሁላችሁም ወፈራችሁ?›› አለን አንድ ቀን።

‹‹አንተ ጥላዬ፣ ማንጎ ነዋ›› አለችው እትዬ ብርቅነሽ። ሰርቀን የምንበላ መስሎት ሳምንቱን ሙሉ መውጫ ላይ ኪሳችንን ሲፈትሽ ከረመ። ያን ጊዜ ስቀን ነበር፤ ስቀን የማናውቀውን ሳቅ። እዚያ ላይ ነው የሳትነው። እትዬ ብርቅነሽ የሳቁን ጣዕም ስታገኝ ጊዜ አበዛችው። የመውለድ ዘመኗ ያለፈ ሴት ሆና ሳለ የእሷ ሆድ ከሃሊማም በለጠ። ነጠላው አልበቃ ብሏት አንድ ጠዋት ‹‹ያን ቀይ ሻሽሽን አምጪው›› አለችኝ። ሰጠኋት።

የዚያን ዕለት ማንጎው የጉድ ነበር። እትዬ ብርቅነሽ ሙሉ ሣጥን ስታነሳ ቋጠሮው ላላና የሻሹ ጫፍ ከጋዋኗ ሥር ብቅ አለ፣ ወርቅማው ክር በብርሃኑ እያብለጨለጨ። ቢላዋ ዚንጎውን ስትመታ ጊዜው አልፎ ነበር። ካቦው አጠገቧ ደርሷል። ጎንበስ ብሎ ጫፉን ያዘና ሳብ አደረገው። ሻሹ ወጣ። ተከትሎ ነጠላው እርጥቡ ወለል ላይ ተዘረገፈ። ጥላዬ መጀመሪያ ግራ ገባው። ከዚያ ቀና ብሎ በተራ በተራ የሁላችንንም ሆድ አየ፤ ፊቱ ሲለዋወጥ ትዝ ይለኛል።

‹‹ከእናንተ ውስጥ አንዷ አለች›› አለ። ‹‹ሌላችሁ አጃቢ ናችሁ። ያቺ ሴት ትውጣ። አለዚያ ሁላችሁም ጋዋናችሁን ፍቱ።››

ማንም አልተነቃነቀም። ሃሊማ ከጠረጴዛው ሥር ጣቴን ያዘች፤ እጃችን በጭማቂ ሙልጭልጭ ስለሚል አጥብቄ መያዝ ነበረብኝ። ‹‹ልውጣ›› አለችኝ በሹክሹክታ። ‹‹ዝም በይ›› አልኳት። ውጭ ማንጎ የጫነ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና መጥቶ ጥሩምባውን ይነፋል። ከወዲያ የቦይለሩ ሰውዬ ‹‹እንፋሎቱ ደርሷል፣ ፍሬው የታለ?›› እያለ ይጮሃል። እኛ ቢላችንን ዚንጎው ላይ አስቀምጠን እጃችንን አጣምረናል።

እትዬ ብርቅነሽ ነጠላዋን ከወለሉ አላነሳችም። አንድ እርምጃ ወደ እሱ ተጠጋች። ‹‹ከእኔ ጀምር፣ አንተ ጥላዬ›› አለችው። ‹‹ግን እኔ አልፈታም። የራስህ እጅ ይፍታው።››

ሰውዬው እጁን አነሳ። እውነት ነው፣ አነሳ። የእናቱ እኩያ የሆነች ሴት የላይኛ ቁልፍ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ቆመ። በርሜሉ ውስጥ የሚፈላው ዘይቱን ብቻ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ ሽታው አፍንጫችን ውስጥ ገብቶ። የመኪናው ጥሩምባ እንደገና ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ ጥሩምባውን ሰምቶ ከቢሮው ቢወጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥላዬ ነው። እጁን አወረደ።

‹‹ቢላ አንሱ›› አለ። አንስተን መላጥ ጀመርን። ሊወጣ ሲል ግን ቀዩን ሻሽ ከወለሉ አንስቶ እያጠፈ ወደ እኔ መጣ። በዓል በዓል አስሬው ስመጣ አይቶታል። ‹‹ያንቺ ነው›› ብሎ ሰጠኝና ሄደ።

ወቅቱ እስኪያልቅ ማናችንም ጨርቃችንን አልፈታንም፤ እሱም ከጎን ማየቱን ተወ። በመጨረሻው ቀን በር ላይ ቆሞ ቋሚ የሚሆኑትን ስም ጠራ። ሃሊማ ተጠራች። የእትዬ ብርቅነሽና የእኔ ስም አልተጠራም። ጋዋናችንን አስረክበን ወጣን። ሃሊማ በማግስቱ ቤቴ መጥታ፣ ሆዷን ይዛ ደፍ ላይ ተቀምጣ፣ ‹‹ሥራውን ልተወው›› አለችኝ። ‹‹ብትተዪው ምን ይሆናል? ሁለታችንም ሥራ ፈት እንሆናለን›› አልኳት። እትዬ ብርቅነሽ ጀልዴሳ ይኖር ወደ ነበረው ልጇ ሄደች፣ ከዚያ ወዲያ አላየኋትም። እኔ ቀፊራ ጆንያ ዘርግቼ ሽንኩርትና ቲማቲም እየሸጥኩ ነው የሕሊናን እናት ያሳደግኳት። አልቆጨኝም ብል ውሸት ነው። ዝናብ የመታኝ ቀን፣ ደንብ አስከባሪ ያባረረኝ ቀን፣ ያን አዳራሽና የወሩን ደመወዝ እያሰብኩ ተንገብግቤያለሁ። ሃሊማ ሴት ልጅ ወለደች። ስሟ ነጃት ነው፤ እኛ ቤት ግን ሻሼ ነው የምንላት። እናቷ አሁን በሕይወት የለችም፤ ልጅቱ ቀፊራ ፍራፍሬ ትሸጣለች፣ ማንጎ ስገዛም ከሚዛኑ በኋላ አንድ ሳትጨምርልኝ ሰዳኝ አታውቅም።

ይህን ታሪክ ሰኞ ዕለት ለሕሊና ነገርኳት፤ ፎጣውን እንደተከናነበች አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ። የሃሊማ ስም መጠራቱን ስትሰማ ፊቷ ፈካ። ‹‹አንቺስ?›› አለችኝ። ‹‹አንቺም ቋሚ ሆንሽ?›› ታሪኩን ስነግራት የእኔንና የእትዬ ብርቅነሽን ነገር ዘልዬው ነበር። አንድ አፍታ ልዋሻት አሰብኩ። ሆንኩ ብላት ደስ ብሏት ነገ ለጓደኞቿ ትነግራለች፣ እነሱም ዋጋውን ሳያውቁ ያስራሉ። አልሆንኩም ብላት ደግሞ ቀበቶውን መልሳ ታጠብቀዋለች፤ በመሀል የሚጎዳው ያ ያልተወለደው ነው። ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል እስካሁን አላውቅም። እውነቱን ነገርኳት።

‹‹ታዲያ ለኢክራም ምን ብዬ ነው የምነግራት?›› አለችኝ። ኢክራም ማሽኑ ላይ ከጎኗ የምትሠራ የሰፈራችን ልጅ ናት። ‹‹አንቺ ያጣሽውን እንድታጣ ነው? እሷም እኮ እናቷን የምትጦር ልጅ ናት።››

‹‹እንድታስር አትለምኛት›› አልኳት። ‹‹የሆነውን ሁሉ፣ የእኔንም ጨምረሽ ንገሪያትና ዝም በይ። ከዚያ በኋላ የራሷ ጉዳይ ነው።››

ማክሰኞ ሄደች መጣች፣ ረቡዕ ሄደች መጣች፤ አልጠየቅኳትም፣ አልነገረችኝም። ሽታው ብቻ እንደ ወትሮው ቀድሟት ይገባል። ሐሙስ ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት፣ ሕሊና ቀበቶውን በእጇ ይዛ ልሰረው አልሰረው እያለች መሀል ቤት ቆማ፣ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ኢክራም ናት፤ ሰፊ ሽቲዋን ለብሳ፣ ፊቷ እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነው። ሰላምታም ሳትሰጠኝ ገብታ በሩን ዘጋች።

‹‹ሁሉንም ነግራኛለች›› አለችኝ። ‹‹ያንቺንም፣ የዚያችን የአሮጊቷንም።›› ሽቲዋን ገለጥ አደረገች። ከሥር፣ ቀጭን ወገቧ ላይ፣ የራስ መሸፈኛ ሻርፕ አጣጥፋ አስራለች። ‹‹እንዲህ ነው፣ እማማ አስካለ?››

ቋጠሮውን አየሁት። ከደረቷ ሥር ነው የቋጠረችው፣ ሣጥን ስታነሳ ወዲያው የሚፈታ። ሕሊና ፊቷን አዙራ ታለቅሳለች። ቀበቶው ወለሉ ላይ ነው። እጄን ሰድጄ ሻርፑን ፈታሁት፣ እንደገና አጠፍኩት።

‹‹ዝቅ አድርጊው›› አልኳት። ‹‹ልጅ እዚያ ላይ አይቀመጥም። ዛሬ ደግሞ ቀጭን ይሁን፤ በአንድ ቀን የሚያድግ ሆድ የለም።››

አጥብቄ ስቋጥርላት እጇ ትከሻዬ ላይ ነበር። ውጭ ባጃጅ ቆሞ ሞተሩ ይሰማል። ‹‹ቶሎ በይልኝ›› አለችኝ ኢክራም፣ ‹‹ባጃጁ ውስጥ ሌሎቹም የማሽኑ ልጆች ቋጠሯቸውን የሚያይላቸው ሰው እየጠበቁ ነው።››